እባብ አይደለም የሚል ወረቀት ፍለጋ

ይህን መንገድ መንደራችን በየአፉ አውርቶታል። አንዱ አብዷል ይላል፣ አንዱ ንስሐ ነው ይላል። የሄድኩት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ ራሴ ልጽፈው ተቀመጥሁ። ከሐሙስ እስከ እሑድ አራት ቀን ነው። ሩቅ አገርም አይደለም፤ ግምጃ ቤት፣ እንጅባራና ዳንግላ ነው። ግን ከእኛ ቀበሌ ዳንግላን ሳያይ የሚሞት ሰው ብዙ ነው። ለእሱም ይሁነው።

መጀመሪያ ምክንያቱን ልናገር። ልጄ ደሳለኝ ዓባይ በረሃ ወርዶ የኖራ ድንጋይ ይፈልጥ ነበር። ሐምሌ ላይ ዝናብ የጠገበው ገደል ተናደና ከሥሩ አስቀረው። ጓደኞቹ ብዙ ቀን ቆፈሩ፤ ገደሉ ሁለተኛ ተንዶ ሌላ ሰው ሊበላ ሲል ተዉት። ሬሳው አልመጣም። የመጣው አንድ ብርድ ልብስ፣ ሁለት ሸሚዝና ከመኝታው ሥር ያስቀመጠው ድንጋይ ነው። ያመጣው ጓደኛው «ይህን ካገኘ ጀምሮ ለአባቴ አሳየዋለሁ ይል ነበር» ብሎ አስቀምጦልን ሄደ።

ድንጋዩ ክብ ነው። ድፎ ዳቦ ያህላል፤ ክብደቱ የዓመት ልጅ ክብደት ነው። ከመሐሉ ቀጥኖ ይጀምርና እየወፈረ ይጠቀለላል። እባብ ተጠምጥሞ እንደተኛ የደረቀ ይመስላል፤ ይህን አልክድም። በአንድ ጎኑ ተፍቆ ውስጡ ይታያል። ውስጡ ክፍል ክፍል ነው።

ባለቤቴ ይርገዱ መርዶው ከተነገረን ጀምሮ አንድ ጠብታ እንባ አላፈሰሰችም። ለቀስተኛው ሲጮህ እሷ ዝም። «ምኑ ላይ ላልቅስ? መሬቱን አሳዩኝ» ትላለች። አንድ ቀን ድንጋዩን ስታይ ቆየችና «ተሰማ፣ ቦታ ፈልግልኝ» አለችኝ። ገባኝ። ድንጋዩን በልጃችን ፈንታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጽር ውስጥ፣ ከአባቴ መቃብር ጎን ልቅበር ብዬ ሰንበቴው በተሰበሰበበት ጠየቅሁ።

ቄሰ ገበዙ ድንጋዩን ሲያዩ ወደ ኋላ አሉ።

«አያ ተሰማ፣ ይህ እባብ ነው። እባብ ከቅጽር አይገባም።»

«አይደለም፣ አባ።»

«በምን ታውቃለህ?»

በምንም አላውቅም። ግን ልጄ እባብ ከመኝታው ሥር አድርጎ አይተኛም።

የሰንበቴያችን አለቃ፣ ሙሴ የምንለው፣ አያ ፈንታ ነው። አብሮ አደጌ ነው። መሐል ገባና «ጭቅጭቅ ምን ያደርጋል? የሚያውቅ ሰው ይየውና እባብ አይደለም ይበል። ማኅተም ያለው ወረቀት አምጣ፣ ትቀብራለህ» አለ።

ሰው ሳቀ። ለእባብ ማኅተም! እኔ ግን አልሳቅሁም። ማኅተም ያለው ወረቀት ለመሬት ተሰጥቷል፣ ለፍች ተሰጥቷል፣ ለበሬ ሽያጭ ሳይቀር ተሰጥቷል። ለልጄ የማይሰጥበት ምክንያት የለም። «በመጪው እሑድ አመጣለሁ» ብዬ ተነሣሁ።

ሐሙስ ጎህ ሲቀድ ወጣሁ። ድንጋዩን በደሳለኝ ሸሚዝ ጠቅልዬ ማዳበሪያ ከረጢት ውስጥ ከተትሁና በገመድ ከጀርባዬ አሰርሁት። ይርገዱ የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ቋጠረችልኝ። በሰላም ግባ አላለችኝም። ከረጢቱን በእጇ ዳበስ አድርጋ ወደ ቤት ተመለሰች።

ከእኛ እስከ ግምጃ ቤት የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ጥቅምት ቢገባም ጭቃው አልደረቀም። ወንዙን ተሻግሬ ዳገቱን ስጀምር ገመዱ ብጥስ አለና ድንጋዩ ወርዶ በግራ እግሬ አውራ ጣት ላይ አረፈ። ተቀመጥሁ። ጥፍሩ ዓይኔ እያየ ጠቆረ። አንዲት ሴት ለገበያ ድንች አዝላ ከኋላዬ ደረሰች። ሸክሟን አወረደች፣ የራሷን ጠፍር ፈታች፣ ከረጢቴን እንደገና አጥብቃ አሰረችልኝ። ስታነሣው ምንነቱ ገባት።

«ድንጋይ ነው እንዴ፣ አባባ?»

«ድንጋይ ነው።»

ድምጿን ዝቅ አደረገች። «እግዚአብሔር ይቅር ይበልዎ። እነሱም ይቅር ይበሉዎ።»

እኛ አገር ነፍስ ያጠፋ ሰው ነው ድንጋይ ተሸክሞ ለእርቅ የሚሄደው። ሴትዮዋ ደም ላደርቅ የምሄድ መስሏታል። አይደለም ልላት አፌን ከፍቼ መልሼ ዘጋሁት። እሷ ወደ ፊት እየሄደች ላገኘችው ሁሉ ተናገረች መሰለኝ፣ ከዚያ እስከ ግምጃ ቤት ያለው መንገደኛ በሙሉ ዳር እየያዘ አሳለፈኝ። በዕድሜዬ እንዲያ መንገድ ተለቆልኝ አያውቅም።

ግምጃ ቤት ከሚኒባሱ ረዳት ጋር ተጣላሁ።

«ፋዘር፣ ከረጢቱ ላይ ይውጣ።»

«አይወጣም።»

«ምንድን ነው? ቅቤ ነው?»

«ድንጋይ ነው።»

ረዳቱ ሾፌሩን ተጣራ። «ስማኝማ! እኒህ አባት እንጅባራ ድንጋይ ሊያራግፉ ነው! አልቆባቸዋል አሉ!»

ተሳፋሪው ሳቀ። «ጥቁሩ ድንጋይ እንጅባራ ሞልቷል፤ እንደዚህ ነጭ ግን የለም» አልኩትና ጭኔ ላይ አድርጌ ተቀመጥሁ። ጎኔ ያለው ሰውዬ ክርኑን ሰብስቦ ቦታ ሰጠኝ።

ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ከደሳለኝ የማይበልጥ ጎረምሳ ነው። ከረጢቱን ፈታ፣ ሸሚዙን ገለጠ፣ ልክ እንደ ቄሰ ገበዙ ወደ ኋላ አለ።

«ይኼ ምንድን ነው?»

«እሱን ልጠይቅ ነው የምሄደው።»

«ማንን?»

«የሚያውቅ ሰው።»

«ሸሚዙስ የማን ነው?»

«የልጄ።»

«ልጅዎስ የት አለ?»

«የዚህ ዓይነቱ ድንጋይ ሥር።»

ጎረምሳው ፊቴን አየ። ተዘባበትክብኝ ሊል መስሎኝ ነበር። አላለም። ድንጋዩን ራሱ ጠቀለለው፤ የሸሚዙን ቁልፍ አንድ በአንድ ቆልፎ መለሰልኝ።

እንጅባራ ብርድ ነው። የእኛም አገር ደጋ ነው ብዬ እኮራ ነበር፤ የእንጅባራው ብርድ አጥንት ይቆጥራል። ባጃጁ እንደ ዝንብ ይርመሰመሳል። የትኛውም መንገድ አይለቅልህም፤ ነፍሰ ገዳይ መሆኔን የሰማ የለማ። እያነከስሁ ዩኒቨርሲቲው በር ደረስሁ። ጥበቃው አየነው የሚባል የአገራችን ሰው ነው፤ በአገውኛ ሳናግረው ፊቱ ፈታ አለ። ነገሩን ከሥር እስከ ጫፍ ሰማኝ። የድንጋይ ትምህርት የሚያውቁት መምህር ሙሉቀን እናታቸው ታመው ዳንግላ መሄዳቸውን ነገረኝ።

«ነገ ይሂዱ፣ አባባ። ዛሬ እኔ ቤት ያድራሉ።»

«ቤርጎ እይዛለሁ።»

«በዚህ እግር? እናቴ ብትሰማ ትረግመኛለች።»

ቤቱ ግድግዳው በቀርከሃ የተሠራ ነው። እኛ ግድግዳችን ወፍራም ጭቃ ነው፣ ነፋስ አይገባም፤ እዚያ ነፋሱ ከእኛ ጋር ራት በላ ማለት ይቻላል። ሚስቱ ሙቅ ውኃ በጨው አድርጋ እግሬን አጠበችኝ። ድንችና የገብስ እንጀራ አቀረበች። ድንጋዩን ግን ከቤት አላስገባችም፤ ልጆች አሉ ብላ ከደጅ ከማገዶው ጎን አስቀመጠችው። አልተቀየምኋትም። ብቻ የልጄ ሸሚዝ ጤዛ ሲመታው አደረ።

ዓርብ ጠዋት ወደ ዳንግላ የሚሄድ ሚኒባስ ውስጥ ገባሁ። መንገዱ ዳርና ዳር የከሰል ጆንያ ተደርድሯል። ገበሬው ጤፍ ይዘራበት በነበረው ማሳ ዛፍ ተክሎ፣ ዛፉን ቆርጦ፣ አቃጥሎ ይሸጣል። እኛ ዘንድ ማሳ ማሳ ነው፣ ጫካም ጫካ ነው። የሰው አገር ነው፣ ምን አገባኝ ብዬ ዝም አልሁ።

ከመንገዱ እኩሌታ ላይ ከፊት መንገድ ተዘግቷል ተባለና ቆምን። ለምን እንደሆነ የሚነግረን የለም። ስልክ ያለው ስልኩን ያወጣል፣ ኔትወርክ የለም፣ መልሶ ይከታል። እስከ ቀትር በኋላ እዚያው ተቀመጥን። የጾም ቀን ስለሆነ የራበው ሰው አልነበረም፤ ወይም የራበው ሰው አልተናገረም። አንድ አስከሬን ይዞ ወደ አገሩ የሚሄድ ቤተሰብ ከፊታችን በሌላ መኪና ቆሟል። ሴቶቹ ከመኪናው ወርደው ሳጥኑን ከበው ያለቅሳሉ። እኔ በእነሱ ቀናሁ። አይጻፍም ነበር፤ ግን እውነቱ ይህ ነው፣ በሳጥኑ ቀናሁ።

ዳንግላ ስደርስ ፀሐይ አዘቅዝቃለች። አየነው በነገረኝ ምልክት ወደ መምህሩ ቤት ጋሪ ያዝሁ። የፈረሱ ትከሻ በቁስል ተበልቶ ዝንብ ወሮታል። እኛ ፈረስ የምንወደው እንደ ልጅ ነው፤ ለጥምቀት ጥልፍ እናለብሰዋለን። ባለጋሪውን ሰደብሁት።

«ይህን ፈረስ የምትነዳው ሰው ነህ ወይስ ጅብ?»

«እንግዲያው ይውረዱና በእግርዎ ይሂዱ፣ አባቴ። እሱ ካልሠራ እሱም አይበላ፣ እኔም አልበላ።»

ወረድሁ። እያነከስሁ ሄድሁ። ባለጋሪው ግን ፈረሱን እየሳበ ከጎኔ ሄደ፤ ድንጋዩን ብቻ ጫነልኝ። ከበሩ ሲያደርሰኝ «እኔም ለእሱ አዝናለሁ» አለኝ። ድንጋዬን አንሥቼ ወደ በሩ ዞርሁ። አሁን ሳስበው አንድ ደህና ቃል ልመልስለት ይገባኝ ነበር።

መምህር ሙሉቀን ወጣት ነው፤ መነጽር አድርጓል። እናቱ እታ ጠጅቱ ጓዳው አፍ ላይ ባለ አልጋ ተኝታለች። ፊቷ አልቋል። ልጇ ድንጋዩን ከሸሚዙ ሲያወጣ እንደ ሌላው ሰው ወደ ኋላ አላለም። ወደ ፊት ነው ያለው። መስኮት ሥር ተቀምጦ በጣቱ ሲዳስሰው ቆየ።

«የዓባይ በረሃ ነው» አለ፣ ሳልነግረው።

«ነው። እባብ ነው?»

«አይደለም፣ አባባ። አጥንትም የለው፣ ራስም የለው። ይህ የውኃ ፍጥረት ቤት ነው። ናውቲለስ የሚባል አለ፤ ይህ የእሱ የጥንት ወገን ነው።»

ስልኩ ላይ ካስቀመጠው ሥዕል የዛሬውን አሳየኝ። ዛሬም በሩቅ ባሕር፣ ጥልቁ ውስጥ ይኖራል። ነጭ ዛጎል፣ በላዩ እንደ ነብር ቀይ ዥንጉርጉር ያለበት፤ ከአፉ ቀጫጭን እጆች ዘጠና ያህል ተንዠርግገዋል። ዓይኑ ቀዳዳ ነው። ብሌን የለውም፤ የባሕሩ ውኃ ገብቶ ይወጣበታል። በደንብ አያይም፣ ግን ያሸታል። የሞተ ነገር አሽትቶ ሄዶ ይበላል።

«ክፍል ክፍሉስ?» አልሁ።

የተፋቀውን ጎን ወደ ብርሃን አዞረልኝ። እንስሳው የሚኖረው መጨረሻው ክፍል ውስጥ ብቻ ነው አለኝ። ሲያድግ ቤቱ ይጠበዋል፤ ወደ ፊት ገፍቶ ከኋላው ግድግዳ ይሠራል። የዘጋው ክፍል ባዶ ይሆናል፤ ተመልሶ አይገባበትም። ብቻ አንድ ቀጭን ቧንቧ በግድግዳዎቹ መሐል እየበሳ እስከ መጀመሪያው፣ እስከ ልጅነት ክፍሉ ድረስ ይሄዳል። በዚያች ቧንቧ ውኃውን ከክፍሎቹ ይመጥጣል፣ ክፍሎቹ አየር ይሆናሉ፣ እሱም ውኃ ላይ እንደተጣለ ቅል ይቀላል። ቧንቧዋን በጥፍሩ አሳየኝ። ድንጋይ ሆና እንኳ ትታያለች፤ ከግድግዳው መሐል ላይ ነጥብ ናት።

«ይቺ ነጥብ ዳር ላይ ብትሆን፣ ግድግዳውም ቢጨማደድ ሌላ ወገን ነበር» አለ። «እነዚያ ዘመዶቹ ባሕሩን ሞልተውት ነበር። እንደዚሁ የተጠቀለሉ ናቸው። ሁሉም አለቁ። አንድ አልቀረም።»

«እሱ እንዴት ቀረ?»

«ጥልቅ ውስጥ ነው። ያገኘውን ይበላል፣ አይመርጥም። ቀስ ብሎ ነው የሚኖረው። እንዴት እንደቀረ ግን አጥርቶ የሚያውቅ የለም።»

«ዛሬስ ደህና ነው?»

መምህሩ መነጽሩን አወለቀ። «ዛሬ ሰው ለዛጎሉ ውበት ብሎ ያጠምደዋል። እንቁላል ለመጣል አሥር፣ አሥራ አምስት ዓመት ይፈጅበታል፤ የሚጥለው ጥቂት ነው፤ ያም ለመፈልፈል ዓመት ያህል ይቆያል። ሳይወልድ ነው የሚያዘው።»

ደሳለኝም አልወለደም።

ዘመኑን ጠየቅሁት። ወገኑ አምስት መቶ ሚሊዮን ዓመት ያህል ሆኖታል አለኝ፤ ዛፍ የሚባል ሳይኖር። ዓባይ በረሃው ራሱ ያን ጊዜ አልነበረም፤ ይህ የእኔው በሕይወት ሳለ ቦታው ባሕር ነበር፣ መቶ ሃምሳ ሚሊዮን ዓመት ያህል ነው። ቁጥሩ ጭንቅላቴ ውስጥ አልገባም። እኛ ዘንድ ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ ከምናምን ነው። አልተከራከርሁትም። ልጁ ካህን አይደለም፣ እኔም አይደለሁም።

«ሲሞትስ?»

«ወደ ታች ሰመጠ። ጭቃ ለበሰ። በላዩ ጭቃ፣ በጭቃው ላይ ጭቃ ተጫነ። ጭቃው ድንጋይ ሆነ፤ እሱም አብሮ ድንጋይ ሆነ።»

«ያወጣው የለም?»

መምህሩ መልስ ከመስጠቱ በፊት ወደ እናቱ አየ። «ልጅዎ አወጣው።»

ከአልጋው ላይ እታ ጠጅቱ ተናገረች።

«ስሙ ማን ነው?»

«ናውቲለስ ነው፣ እማዬ።»

«አንተን አልጠየቅሁም። የልጁ ስም።»

«ደሳለኝ» አልሁ። ከቤት ከወጣሁ ጀምሮ ስሙን የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ሁሉም ስለ ድንጋዩ ነው የጠየቀኝ። እታ ጠጅቱ ቀና ብላ ድንጋዩ አልጋዋ ላይ እንዲቀመጥላት አዘዘች። እጇን አሳረፈችበት። የምትሞት ሴት ናት፤ እንግዳ እግሩ ሳይታጠብ ተቀመጠ ብላ ልጇን ስትቆጣ አመሸች።

«ይበላል እንዴ ይሄ?» አለች ቆይታ፣ ድንጋዩን እየዳሰሰች።

ልጇ ሳቀ። «ለእኛ አይሆንም፣ እማዬ። እንደ ዓሣ ክንፍ የለው፣ ቅርፊት የለው። ርኩስ ነው የምትይው ዓይነት ነው።»

«አይ እሱ! ቤቱ ግን ያምራል።»

እኔም ሳቅሁ። ከሐምሌ ወዲህ የሳቅሁት ያን ጊዜ ነው።

ከመተኛታችን በፊት ስለ ወረቀቱ ተነጋገርን። «ዘመኑን አታግባ» አልሁት። «ሚሊዮን የሚል ቃል ካዩ ድንጋዩን ትተው ከአንተ ጋር ነው የሚጣሉት።» እሺ አለኝ።

ቅዳሜ መምህሩ እናቱን ለጎረቤት አደራ ሰጥቶ ከእኔ ጋር ተመለሰ። ከሰንበት በኋላ ወረቀቱን እልክልዎታለሁ ይል ነበር፤ እናቱ «ከሰውዬው ጋር ሂድ፣ እኔ እስክትመለስ አልሞትም» ብላ አስነሣችው። መንገዱ ክፍት ነበር። እንጅባራ የዩኒቨርሲቲውን ማኅተም የምትይዘው ሴት የዕረፍት ቀኗን ትታ መጣች፤ ወረቀቱን ስታነብ ከንፈሯን መጠጠች። እንዲህ ይላል፦ «አቶ ተሰማ ያቀረቡት ድንጋይ እባብ አይደለም። በጥንት ዘመን በባሕር ውስጥ ይኖር የነበረ፣ ናውቲለስ ከሚባለው እንስሳ ወገን የሆነ ፍጥረት ሲሆን ዛጎሉ ወደ ድንጋይነት የተለወጠ ነው።» ማኅተሙ ክብ ነው፤ ሰማያዊ ቀለም። አሥር ጊዜ አየሁት።

ጥበቃው አየነው እስከ መናኸሪያ ድንጋዩን ተሸከመልኝ። መምህሩ ሲሰናበተኝ ድንጋዩን አንድ ጊዜ እንደገና ገልጦ አየውና «እዚህ ቢቀመጥ ብዙ ተማሪ ይማርበት ነበር» አለ። ሊጠይቀኝ ፈልጎ ነው። «መቀበር አለበት» አልሁት። «አዎ» አለ፣ ሸሚዙን መለሰበት።

ከግምጃ ቤት ወዲህ ያለውን በእግር ተጉዤ ሊመሽ ሲል ደረስሁ። ይርገዱ ወረቀቱን ተቀብላ ማኅተሙን በጣቷ ነካች። ማንበብ አትችልም። አነበብሁላት። ዘመኑን እንዳስቀረሁም ነገርኳት። «ብልህ ሆነሃል» አለችኝ። በዚያው ሌሊቱን ለቀብሩ የምትለብሰውን ነጠላ አጥባ አሰጣች።

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴው ተሰበሰበ። ድንጋዩን ከደጀ ሰላሙ ውጭ አስቀምጬ ወረቀቱን ለአያ ፈንታ ሰጠሁት። ዲያቆኑ ጮክ ብሎ አነበበው። ሰው አጉረመረመ፤ ክፉ ማጉረምረም አልነበረም። አያ ፈንታ ጉልበቴን መታ አደረገኝ። «አያልቅብህ እኮ አንተ! ማኅተሙን አመጣኸው!» አለ። ሴቶቹ በዚያ በኩል ተቀምጠዋል፤ ይርገዱ የታጠበውን ነጠላ ለብሳለች።

ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን ተቀብለው ራሳቸው አነበቡት። ሁለተኛ አነበቡት።

«በባሕር ይኖር የነበረ ይላል። ዓሣ ነው?»

«ዓሣ አይደለም፣ አባ።»

«ክንፍ አለው?»

አያ ፈንታ ቶሎ ብሎ ገባ። «እሱ በምን ያውቃል? ድንጋይ ላይ ክንፍ ማን ያያል? አያ ተሰማ አያውቅም።» ዓይኑን አፍጦ አየኝ። አላውቅም በል ማለቱ ነው። በልጅነታችን ከብት የሰው እህል ውስጥ ሲገባብን እንደዚሁ ነበር የሚያየኝ።

«አውቃለሁ» አልሁ። «ክንፍ የለውም።»

ቄሰ ገበዙ ወረቀቱን አጠፉ። ቂም ያላቸው ሰው አይደሉም፤ በሐዘን ነው ያጠፉት። «ኦሪት ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውኃ ፍጥረት ርኩስ ብላዋለች፣ ልጄ። እባብ ባይሆንም ያው ነው። ከቅጽር አይገባም። ከውጭ ቅበረው፣ ማንም አይከለክልህም።»

ከውጭ ማለት ከካቡ ወዲያ፣ ክርስትና ሳይነሡ የሞቱ ሕፃናት የሚቀበሩበት ቁልቁለት ነው።

ይርገዱ ከደጀ ሰላሙ ውጭ ደረሰችብኝ። ድንጋዩ መሐላችን ነበር።

«ዘመኑን አስቀረው ብለህ ለመንኸው። ክንፉን ዝም ማለት ምን ነበረበት?»

«ዘመኑን ማንም አልጠየቀኝም። ክንፉን ጠየቁኝ።»

«እኔስ? ቦታ ፈልግልኝ ብዬ አልጠየቅሁህም?»

ሦስት ቀን ሙሉ እውነቱን ፍለጋ ሄጄ፣ እውነቱ ሲጠየቅ ሌላ ልናገር አፌ እሺ አይልም። እንደዚህ ነው የተፈጠርሁት። አባቴም እንደዚህ ነበር። ይህን ልላት ጀመርሁ።

«ተወው» አለችኝ። ድንጋዩን እስከ ሸሚዙ አነሣች። እኔን ሦስት ቀን ጀርባዬን የሰበረኝን፣ እሷ እንደ ሕፃን በክንዷ ያዘችው። ዶማ ይዤ ተከተልኋት። ከካቡ ማብቂያ ላይ ዞረች።

«ዶማውን ስጠኝና ተመለስ።»

ሰጠኋት። ተመለስሁ፣ ከአባቴ መቃብር ጎን ተቀመጥሁ። ዶማው መሬቱን ሲመታ ይሰማኝ ነበር። መሬቱ ድንጋያማ ነው፤ ብዙ ጊዜ ወሰደባት። አያ ፈንታ መጥቶ ሊረዳት ሲል እጁን ያዝሁት። ከዚያ ዶማው ቆመ። ከዚያ ይርገዱ አለቀሰች። ሐምሌ፣ ነሐሴ፣ መስከረም ያላለቀሰችውን አለቀሰችው። ደሳለኝ፣ ደሳለኝ እያለች፤ ገደሉን እየረገመች፤ እኔንም አንድ ሁለት ጊዜ ጠራችኝ፣ በበጎ አይደለም።

ከዚያ ወዲህ እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ወደዚያ ትሄዳለች። ሰንበቴው ሲበላ ሲጠጣ ድምጿ በካቡ ላይ ይመጣል። እኔ ከውስጥ ነኝ፣ እሷ ከውጭ። በሩን ወጥቶ ካቡን መዞር ሃምሳ እርምጃ አይሆንም። በየሳምንቱ ልነሣ እልና መልሼ እቀመጣለሁ። እስከ ዛሬ ና አላለችኝም።